የክንዷ ልክ

ሆሳዕና፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለማራኪ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባለቤቴ ትርፊት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ልጆቹ ይማራሉ። እኔም እንደምታውቂኝ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የዘንድሮ ተማሪዎች አራት ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙ አይመስለኝም። በሌሞ በኩል ገብሱ ጥሩ ነበር ይላሉ። የበርገን ዝናብ እንዴት ይዞሻል?

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ስታነቢያት አትደንግጪ። እናትሽን ብርድ መትቷት ሆስፒታል አስገብተናታል። ሳንባዋ ነው አሉ። ለጊዜው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት። ማሽን እንዲተነፍስላት ብለው ስላስተኟት አትናገርም እንጂ ደህና ናት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ለዚህ ነው ጽፌ በቴሌግራም የምልክልሽ።

ገንዘብ ላኪ አልልሽም። የምፈልገው ሌላ ነው። እዚያ ክፍል ለተኛ ሰው ምግብ የሚሰጠው በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ምግቡን ሠርቶ የሚያመጣው ደግሞ ቤተሰብ ነው። ሲስተር ሃቢባ የምትባል ነርስ ወተትና እንቁላል በቀጭን ሙቅ አድርጋችሁ አምጡ አለችን። ምን ያህል ብለን ብንጠይቅ፣ ዶክተር ፈትሁዲን አስልቶ ይነግራችኋል አለች። ትርፊት ግን የራሳችን ባለሙያ እያለች ለምን ሰው እናስቸግራለን ትላለች። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው ይህንኑ አይደል? ለእንዲህ ያለ ታማሚ በቀን ምን ያህል ምግብ እንደሚበቃ ንገሪንና እኛ እንሥራ።

በጸሎት የማይረሳሽ
አጎትሽ አጵሎስ


በርገን፣ ጥር 7 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ አጵሎስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለእትዬ ትርፊትና ለልጆቹ ይድረስ። ሰላምታ ሳላስቀድም መጻፌን እማዬ ብትሰማ ስለምትቆጣ ነው እንጂ ዛሬ ለሰላምታ የሚሆን ልብ የለኝም።

«አትናገርም እንጂ ደህና ናት» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ እኔ የምሠራው እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የተኛ ሰው ደህና አይደለም። ይህን የምጽፈው ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው፤ ምሳዬ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነው፣ መብላት አቃተኝ። መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህን እማዬም ታውቃለች፤ ስለዚህ ወረቀት ሳላወራባት የዘጋሁት ስልክ የለም።

አሁን የጠየቁኝን ልንገርዎ። አንድ ታማሚ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልገው በዓይን አይታወቅም። እኛ ጋ ከመተንፈሻው ጋር የሚያያዝ ሌላ ማሽን አለ፤ የገባውንና የወጣውን አየር አመዛዝኖ ሰውየው ተኝቶም ቢሆን ስንት ካሎሪ እንደሚያቃጥል ይናገራል። እሱ በሌለበት የሚሰላው በክብደት ነው፤ በየኪሎው ይህን ያህል እየተባለ። እንግዲህ ክብደቷ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። ማብዛትም እንደ ማስራብ ይጎዳል፤ ይህን የእኛ አገር ሰው አያምነኝም።

ስለዚህ ክብደቷንና ቁመቷን ይጻፉልኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ እንደሚለኩት የእሷንም ክንድ ከትከሻዋና ከክርኗ መሃል ለክታችሁ ላኩልኝ፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመታመሟ በፊት ባሉት ወራት አበላሏ እንዴት እንደነበረ ማወቅ አለብኝ። በስልክ ስንገናኝ ሁላችሁም «ደህና ናት» እያላችሁ ስልኩን ትቀባበላላችሁ። እርስዎ መምህር ነዎት፤ ሲጽፉ ያስባሉ። ስለዚህ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ማራኪ


ሆሳዕና፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ማራኪ፣

ጸጋና ምሕረት ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ለትርፊት አነበብኩላት። ምሳሽን አለመብላትሽ አናዷታል።

ክብደቷ አንቺን ለመሸኘት ቦሌ በመጣችበት ጊዜ የነበረው ነው፤ ሰባ ኪሎ ብትዪ አትሳሳቺም። ቁመቷን ታውቂዋለሽ፣ ትከሻዬ ላይ ትደርሳለች። ክንዱን ትርፊት በሜትር ለክታለች፤ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ። አበላሏ እንደ ድሮዋ ነው።

የጠያቂው ብዛት አይነገርም። ከሌሞ በጋሪ፣ ከጊምቢቹ በሚኒባስ ይመጣል። የእናትሽን ደግነት የቀመሰ ሁሉ ዕቃ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው፤ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ፣ አተካና፣ ያላመጣ የለም። ሲስተር ሃቢባ በር ላይ ቆማ «ታማሚዋ አትውጥም፣ በዚህች ቀጭን ቱቦ አተካና አይገባም» እያለች ትመልሳለች። ከጊምቢቹ የመጡ አንዲት ሴትዮ እንደ መናቅ ቆጥረውት አኩርፈው ሄዱ። ትርፊትም የዋዛ አይደለችም። ሙቁ ላይ ቡላ ጨምራበት፣ በመንገድ እያለ ረግቶ ቱቦውን ዘጋው። ሃቢባ በሞቀ ውሃ ስትታገል ቆይታ ከፈተችው። ትርፊት እስካሁን የምትለው ቱቦው ጠባብ ነው እንጂ ቡላው ጥፋት የለበትም ነው።

ሂሳቡን ቶሎ ላኪልን። ዶክተሩ አንቺ በዚህ ሙያ ውስጥ መሆንሽን ነግሬው ደስ ብሎታል። አስባ የላከችውን አሳዩኝ፣ ተያይተን እንጀምራለን ብሎኛል።

አጎትሽ አጵሎስ


በርገን፣ ጥር 10 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሽ አጵሎስ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ሠላሳ አንድ የሚለውን ሳይ እፎይ አልኩ። እንሰት ስትፍቅ የማውቀው ክንዷ እንዳለ ነው ማለት ነው። ሕፃን ሆኜ ያን ክንድ በሁለት እጄ ይዤ እንኳን ጣቶቼ አይገናኙም ነበር። ሰውነቷ ስንቅ ካለው በሽታውን ይታገላል ብዬ ዛሬ ጥቂት ተኛሁ።

ለሰባ ኪሎ ሰው ሲሰላ በቀን አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ካሎሪ ገደማ ይመጣል። በሽታው ገና ትኩስ ስለሆነ መጀመሪያ በግማሹ እንጀምርና በጥቂት ቀናት ውስጥ እንሙላው። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ዘይቱንና ስኳሩን በምን ልክ እንደምታዋህዱት ለብቻው ጽፌ ልኬያለሁ። ለዶክተር ፈትሁዲን ያሳዩትና የሚለውጠው ካለ ይለውጥ፤ የመጨረሻው ቃል አልጋዋ አጠገብ ያለው ሰው የሚለው ነው። እትዬ ትርፊት ቡላውን ለጊዜው ትተወው። ለቱቦው ይረጋል፣ ደግሞም ብቻውን ጉልበት እንጂ ሥጋ አይሠራም።

ዛሬ አንድ አሣ አጥማጅ የነበሩ ሽማግሌ ለካሁ። በክብደታቸው ካሰላነው ማሽኑ በጣም ያነሰ ነገረን። በግምት ብንሄድ ኖሮ ስናጨናንቃቸው እንከርም ነበር። ለማላውቀው ሰው በማሽን እለካለሁ፣ ለእናቴ በልብስ ሰፊ ሜትር። ደክሞኛል ጋሼ። ፎቶዋን አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ባይሆን እጇን ብቻ።

ማራኪ


ሆሳዕና፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለማራኪ፣

ሁሉን የሚችል አምላክ ጉልበትሽን ያጽና። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ፤ የፈተና ወረቀት ማረም ነበረብኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። የትርፊት ጉልበት ተሽሎታል። ከዘመድም ከጎረቤትም ሰላም የሚልሽ ብዙ ነው። ፎቶ ማንሳት ክፍሉ ውስጥ አይፈቀድም።

ምግቡን አንቺና ዶክተሩ ባላችሁት መሠረት እያሳደግን ሙሉው ላይ አድርሰነዋል። መጀመሪያ ጥሩ ነበረች። ከዚያ ልቧ አመታቱን ያዛባ ጀመር፤ ያ ከአልጋው በላይ ያለው ማሽን መጮህ አበዛ። እግሮቿ አብጠዋል። ከመተንፈሻው ሊያላቅቋት አስበው ነበር፣ ደረቷ ስለደከመ ተዉት። ዶክተሩ ከመታመሟ በፊት በደንብ ትበላ ነበር ወይ ብሎ እንደገና ጠየቀን። እኛም ያልነውን አልን።

ስለ ሃቢባ ሳልነግርሽ አላልፍም። ይህች ልጅ ብርቱ ናት። እናትሽ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየጊዜው መገላበጥ አለባት። ሃቢባ ማንንም ሳትጠራ ብቻዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ታዞራታለች። እጇ ይባረክ እላለሁ ባየኋት ቁጥር። የረቡዕ ጸሎት እኅቶችም በር ላይ ሆነው ዘምረው ሄዱ፤ መሪያችን ተኝታ እኛ እንዴት እንቁም ብለው አለቀሱ።

ልጄ፣ አንቺም ጸልዪ። ብዙ አትጠይቂ።

አጎትሽ


በርገን፣ ጥር 16 ቀን 2017

ጋሽ አጵሎስ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ሰባ ኪሎ የሚመዝንን ሰው፣ ያውም ውሃ ቋጥሮ ያበጠን፣ አንዲት ነርስ ብቻዋን እንደ ሕፃን አቅፋ አታዞርም። እኛ ጋ ለዚህ ሰው ይጠራራል፤ ከጣሪያ ላይ የሚወርድ ማንሻም አለ። ሃቢባ ብርቱ ስለሆነች አይደለም። እማዬ ቀላል ስለሆነች ነው።

ይህን ከመጻፌ በፊት ለዶክተር ፈትሁዲን ደውያለሁ። እሱም ገና ስትገባ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን ፊቷ በውሃ ሞልቶ ነበር፣ እናንተን ሲጠይቅ «እንደ ድሮዋ ትበላለች» አላችሁት፣ ከውጭ አገር ደግሞ በሰባ ኪሎ የተሠራ ሂሳብ መጣለት። አሁን ምግቡን በጣም ይቀንሰዋል። ቫይታሚን በመርፌ ይጀምርላታል፣ ደሟንም ያስመረምራል።

ምን እንዳደረግን እንዲገባዎት ልጻፍልዎ። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት እሳቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚኖረው። ድንገት ብዙ ምግብ ሲመጣበት ያን ለማቃጠል ሲሯሯጥ፣ ደሙ ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ማዕድናት ጠርጎ ይወስዳቸዋል፤ ፖታሲየሙን፣ ፎስፌቱን። ያኔ ልብ ይዛባል፣ እግር ያብጣል፣ ደረት ይደክማል። የጻፉልኝ ሦስቱንም ነው። ያበላችኋት ደግሞ እኔ ባሰላሁት ልክ ነው። በእጄ ልገድላት ነበር ጋሼ።

የማን ክንድ ነው የለካችሁት? እማዬ ካልበላች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? ለምን?

ማራኪ


ሆሳዕና፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማራኪ ልጄ፣

የትርፊት ክንድ ነው።

የእናትሽን ልትለካ ገብታ ነበር። ሜትሩን ጠመጠመችው፣ ቁጥሩን አየችው፣ ሜትሩን ጠቅልላ ወጣች። «ይህን ለልጅቷ አንልክም። ብቻዋን ናት፣ አጠገቧ የሚይዛት ሰው የለም» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ የራሷን ክንድ ለክታ ይህን ጻፍ አለች። እኔም ጻፍኩ። ክፋት አልነበረበትም። ስደት ላይ ያለ ሰው ክፉ ነገር እንደማይነገረው ታውቂያለሽ። አባትሽ ባረፈ ጊዜ አንቺን የሚያጽናኑ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እዚያ ከተማ እስክናገኝ መርዶውን ይዘን ቆይተናል። ያኔ አመስግነሽናል። በሆስፒታል ሂሳብ ላይ ግን እንዲህ ያለው ደግነት እንደማይሠራ የነገረን የለም።

ለምን ላልሽው፣ ትጾም ነበር። ለአንቺ ወረቀት።

መጀመሪያ ረቡዕ ረቡዕ ነበር፣ ከጸሎት ቡድኑ ጋር። ከመስቀል ወዲህ በየቀኑ እስከ ማታ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ደውለሽ ሌላ ማስረጃ ጠየቁኝ ያልሽ ለት ደግሞ ሦስት ቀን ያለ እህል ያዘች፤ ከዚያ በኋላ እንዲያ ማድረግ ለመደች። ማታ ግማሽ ስኒ ወተት ነው የምትቀምሰው። ቀሚሷን ራሷ አጠበበች፣ ከዚያ ደግሞ አጠበበች። ትርፊት ብትለምናት እኔም ብቆጣት «ልጄ ያለ ወረቀት በሰው አገር ቁጭ ብላ እኔ እህል እንዴት ይወርድልኛል» ትላለች። ለአንቺ ትንፍሽ ካልን ከግቢያችን ወጥታ ወደ ጊምቢቹ እንደምትመለስ ነገረችን። እንደምታደርገውም አውቃለሁ፤ እህቴ ናት።

አሁን እኔም ልቆጣሽ ነው፣ ቻዪኝ። ስትደውዪ ወረቀቱ፣ ወረቀቱ፣ ሌላ ወሬ አልነበረሽም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ማማረር ብቻ እንደሆነ ይገባኛል። እናት ግን እንዲያ አትሰማም። አንቺ አንድ ጊዜ ባማረርሽ ቁጥር እሷ አንድ ቀን ትጨምራለች። ይህን በልቤ ይዤ መክረም ደክሞኝ ነበር።

ፖታሲየሙ ወርዶ ተገኝቶ እየተካላት ነው። ሌላውን ናሙና ወደ አዲስ አበባ ልከውታል። ምግቡ ከተቀነሰ ወዲህ ልቧ ረገብ ብሏል። ክንዷን ዛሬ ሃቢባ ለካችው፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ አየሁ። አሥራ ዘጠኝ ነው። ይህ የእናትሽ ነው።

አጎትሽ አጵሎስ


በርገን፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሽ አጵሎስ፣

ሰላም ይሁኑልኝ። የትናንቱን ደብዳቤ መድኃኒትና ምግብ በምናስቀምጥበት ክፍል ሆኜ አነበብኩት። መደርደሪያው በታሸገ የታማሚ ምግብ ሞልቷል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሥራ ዘጠኝ ማለት አርባ ኪሎም ላትሞላ ትችላለች ማለት ነው። ሂሳቡን እንደገና ሠርቼ ለዶክተሩ ልኬያለሁ። ካሰብነው አራት እጅ አንዱን ነው የምትጀምሩት፣ ደሟ እየታየ በጣም በዝግታ ይጨመራል። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑ። ለአሁን ምሕረቱ ትንሽነቱ ነው።

እዚህ ለእያንዳንዱ ታማሚ ቤተሰብ «ከመታመሙ በፊት አበላሉ እንዴት ነበር» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ጽፌ ወደሚቀጥለው አልጋ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መልሱ እኔ ራሴ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። የተቆጡኝ ልክ ነው። ስደውል ሌላ የምናገረው ነገር ስለሌለኝ ነበር ጋሼ። ሥራና ዝናብ ነው እዚህ ያለው፤ ወረቀቱ እንኳ ወሬ ይሆነኛል ብዬ ነው።

እትዬ ትርፊትን አልተቆጣችሽም በሏት። ተቆጥቻለሁ፤ ግን አልተቆጣችሽም በሏት።

ማራኪ


ሆሳዕና፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ማራኪ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ቃል ዛሬ ከልቤ ነው የምጽፈው። እናትሽን ከመተንፈሻው አላቅቀዋታል። በራሷ ትተነፍሳለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ ግን ሰው ታውቃለች። ትርፊትን «ክስት ብለሻል» አለቻት። ትርፊት ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣባት፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። በነቃች ማግስት የአፍንጫዋን ቱቦ በእጇ ነቀለችው። አፍንጫዋ ስለቆሰለ ዶክተሩ መልሶ ከማስገባት በአፏ እንሞክር አለ። ሃቢባ ውሃ አጠጥታ አየቻት፣ በደንብ ዋጠች። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ቀጭን የአጃ አጥሚት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ሳቀርብላት ቀኑን ጠየቀችኝ። ውሸት በቅቶኛል። ረቡዕ ነው አልኳት። አፏን ዘጋች።

«የማራኪ ወረቀት መጣ?» አለችኝ ቆይታ።

«ገና ነው» አልኳት።

«እንግዲያ ማንኪያውን መልሰው።»

ያን ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሐሙስም ያው፣ ዛሬም ያው። ማታ ማታ ግማሽ ስኒ ወተት፣ እንደ ለመደችው። ፓስተሩን አመጣሁት። የታመመ ሰው አይጾምም፣ ጌታ ምሕረትን ነው የሚወደው ብሎ መከራት። እሷ ግን ለጌታ የተናገርኩትን ለፓስተር ብዬ አላጥፍም ብላ ዞራ ተኛች። ዶክተሩ በዚህ ከቀጠለች ደረቷ ዳግመኛ ይዝላል፣ ወደ ማሽኑ ከተመለሰች ደግሞ ሁለተኛ መላቀቋን እንጃ ብሎ በግልጽ ነገረኝ። ቱቦውን በግድ ቢያስገቡት ትነቅለዋለች። እጇን እንሰራት?

እኔ ለአንቺም ለእሷም እውነት መናገር ጀምሬ ያገኘሁት ይህን ነው። ምን እንበላት?

አጎትሽ


በርገን፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ጋሽዬ፣

ሰላም ለእርስዎ።

ወረቀቱ መጥቷል በሏት።

አልመጣም። ዛሬም ከፍቼ አየሁት፣ «በሂደት ላይ» ነው የሚለው፤ እንዲሁ ሲል ነው የከረመው። ግን መጥቷል በሏት። ለሦስት ዓመት ነው የሰጧት በሏት፣ ደብዳቤ ጽፋልኛለች በሏት፤ ይህንኑ ከፍተው ከሩቅ ያሳይዋት። ያለ መነጽር ማንበብ አትችልም። እኔ ብደውልላት ድምፄ ያጋልጠኛል።

የውሸት ቁጥር ሊገድላት ነበር ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ዋሹልኝ የምለው እኔው ነኝ። አፍሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚህ የተሻለ ሳስብ ዋልኩ፣ አላገኘሁም። አርባ ኪሎ የማትሞላ ሴት ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት እስከ መጨረሻው አሃዝ ማስላት እችላለሁ። አፏን እንድትከፍት ማድረግ ግን አልተማርኩም።

እሺ ካለች በግማሽ ማንኪያ ይጀምሩ። ቀና አድርገው ያስቀምጧት፣ ዋጥ እስክታደርግ ይጠብቁ። ደስ ብሏችሁ አታብዙ።

ማራኪ


ሆሳዕና፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለማራኪ፣

የእናትሽ አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ያዘዝሽኝን አድርጌያለሁ፤ ምን እንደሆነ እንዳለ ልጻፍልሽ።

ከትርፊት ጋር ገባን። ሃቢባ ትራሷን እያስተካከለች ነበር። ስልኬን አውጥቼ የማራኪ ወረቀት መጣ፣ ሦስት ዓመት ሰጧት፣ ይኸው ጻፈችልኝ አልኳት። የቻልኩትን ያህል ደስ ያለው ሰው መሰልኩ። ትርፊትም እልል ልትል ቃጥቷት ሃቢባ ታማሚ አለ ብላ ያዘቻት። እናትሽ ስልኩን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ትንሽ ልጅ ሆኜ እንቁላል ሰብሬ ዶሮዋ ናት ባልኳት ጊዜ እንዳየችኝ አየችኝ።

«ወረቀቱ ቢመጣ ደብዳቤው አይመጣም ነበር» አለች። «ራሷ ትመጣ ነበር።»

ትርፊት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። እኔ ስልኩን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። እናትሽ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ተኛች ብለን ልንወጣ ስንል ተናገረች።

«ማራኪ መዋሸት አትችልም ነበር፤ ከልጅነቷም አትችልበትም። ልጄን እዚህ ካደረሳት ደክሟታል ማለት ነው። አምጣው ማንኪያውን።»

በላች። ጾሙስ ብዬ መጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ ራሷ ነገረችኝ። ከጌታ ጋር እነጋገርበታለሁ፣ እሱ እናት ነበረችው ይገባዋል አለች። በግማሽ ማንኪያ፣ ቀና አድርገን፣ ዋጥ እስክታደርግ እየጠበቅን ሰጠናት። ትርፊት ልትጨምርላት ስትል ሃቢባ ስኒውን ቀማቻት። ትናንትም በላች፣ ዛሬም በላች። ዶክተር ፈትሁዲን ነገ ወደ ተራው ክፍል እንደሚያወጣት ነገረኝ።

ክንዷን ዛሬ ጠዋት ለካሁት። ያው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሜትሩን ራሴ ነኝ የያዝኩት።

አንድ መልእክት አለ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቧ ነኝ፤ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ነገርኳት። አንቺ መጀመሪያ የጠየቅሽንን ጥያቄ፣ አበላሏ እንዴት ነበር ያልሽውን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ያን ጥያቄ መልሼ ለአንቺ እንድልከው አዘዘችኝ። እዚያ አገር ምን ትበያለሽ? ከማን ጋር ትበያለሽ? እንደ ድሮዬ ነው የሚል መልስ አልቀበልም ብላለች።

ክንድሽን ለክተሽ ላኪ። የራስሽን።

አጎትሽ አጵሎስ